አበባ ያልታየበትንም ቀን መዝግቡ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወይም በየሰፈራችሁ የዛፎችን ማበብና የስደተኛ ወፎችን መምጣት በማስታወሻ ደብተር ለምትይዙ ሁሉ፣ ከብዙዎች መዝገብ ላይ ጎድሎ የማየውን አንድ ነገር ላካፍላችሁ እወዳለሁ። «ዛሬ ጃካራንዳው አብቧል» ብሎ መጻፍ ብቻውን ብዙ አይጠቅምም፤ ዛፉን ሳያብብ ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት ትናንት ይሁን ከሦስት ሳምንት በፊት ካልታወቀ፣ የመጀመሪያው አበባ የፈነዳበትን ቀን በኋላ ማንም በትክክል ሊገምተው አይችልም። ስለዚህ አንድ ዛፍ መርጣችሁ፣ ያንኑ ዛፍ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ እየተመለከታችሁ፣ «እምቡጥ የለም» ወይም «እምቡጥ አለ፣ የተከፈተ አበባ ግን የለም» ብላችሁ ጻፉ። ከአውሮፓና ከእስያ የአገራቸውን ብርድ ሽሽት የሚመጡትን ወፎች ለመከታተልም ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ፣ ገና ሳይመጡ፣ መመልከት ያስፈልጋል። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካለው አሞራ ገደል ዓመቱን ሙሉ የማይጠፋውን አባ ኮዳ የተባለውን ትልቅ ወፍ በተመለከተ ግን መምጣቱን ሳይሆን ጎጆ መሥራት የጀመረበትን ቀን መያዝ ይሻላል።

ቀኑን በኢትዮጵያም በጎርጎርዮሳዊውም አቆጣጠር ጻፉት። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት፣ ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም.፣ መስከረም 1 የዋለው እንደ ወትሮው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን ሴፕቴምበር 12 ነበር፤ የአንድ ቀን ልዩነቱም እስከ የካቲት ይዘልቃል። ዓመትን ከዓመት ስታነጻጽሩ ዛፉ አንድ ቀን የቀደመ ወይም የዘገየ የሚመስላችሁ አንዳንድ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው።