የዋልተር ፔይተንን የዳገት ልምምድ በእንጦጦና በሱሉልታ እንዴት መሥራት ይቻላል

በአሜሪካን ፉትቦል ራኒንግ ባክ የሚባለው፣ የቡድኑን ጥቃት ከሚመራው ተጫዋች፣ ከኳርተርባኩ፣ ኋላ ቆሞ ኳሱን ከእጁ ተቀብሎ በተከላካዮች መካከል ሰንጥቆ የሚሮጠው ተጫዋች ነው። ከእነዚህ ሁሉ ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ ዋልተር ፔይተን ከ1975 እስከ 1987 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ለቺካጎ ቤርስ በተጫወተባቸው 13 የውድድር ዘመናት ኳስ ይዞ 16,726 ያርድ ሮጧል፤ ጫማውን ሲሰቅልም ከእሱ የበለጠ የሮጠ አልነበረም። ይህ ርቀት ወደ ሜትር ሲለወጥ 15.3 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የሱሉልታ የረጅም ርቀት ሯጭ በአንድ ማለዳ ጨርሶት ቁርሱን ሊበላ ይችላል። ነገር ግን ፔይተን ያንን ርቀት ያገኘው 3,838 ጊዜ ኳስ ተሸክሞ በመነሣት ነው፤ የአንዱ ሩጫ አማካይም 4 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ እሱንም 11 ተከላካዮች ሊጥሉት እየተሻሙ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ዳርቻ ይህን ጨዋታ ለመልመድ የሚሻ ወጣት አስቀድሞ መተው ያለበት፣ በአካባቢው የተለመደውን የኪሎ ሜትር ቆጠራ ነው።

ፔይተን በተወለደበት በሚሲሲፒ በፐርል ወንዝ ዳር ባለው አሸዋ ላይ፣ በኋላም አርሊንግተን ሃይትስ በሚባለው የቺካጎ ዳርቻ በሚገኝ ቀጥ ያለ ኮረብታ ላይ ይለማመድ ነበር። አሸዋም ሆነ ዳገት እግርን አጥብቆ መግፋትን ያስገድዳል፤ ሩጫውም ፍጥነት ስለሚያጣ የጭንና የባት ጡንቻ ብዙ ሲሠራ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ምት ይቀንሳል። የእንጦጦ ግርጌና ከሱሉልታ ሜዳ በላይ ያሉት ተረተሮች ለዚህ የሚመች ዳገት ሞልቷቸዋል። ሠልጣኙ ከ20 እስከ 30 ሜትር የሚረዝም፣ ድንጋይ ያልበዛበትና የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ያልተነጠፈበት ቦታ ይምረጥ፤ ቅጠሉ፣ በተለይ በክረምት፣ ከጭቃው ይልቅ ያንሸራትታል። ጅብ ገና ወደ ጉድጓዱ ሳይመለስ በጨለማ መውጣትም ሆነ የጭነት መኪና በሚበዛበት በጎጃም መንገድ ዳር መሮጥ አስፈላጊ አይደለም፤ ይህ ልምምድ አጭር ስለሆነ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቢጀመርም ጊዜ ይበቃዋል።

ሰውነት በሚገባ ከተሟሟቀ በኋላ ሠልጣኙ ከቆመበት ተነሥቶ ለ5 ወይም ለ6 ሴኮንድ ባለው ኃይል ሁሉ ወደ ላይ ይሮጣል፤ ከዚያም በእርምጃ ይወርዳል። በፕሮፌሽናል ሊግ አንድ እንቅስቃሴ ካበቃ በኋላ የሚቀጥለው እስኪጀመር የሚፈቀደው 40 ሴኮንድ ስለሆነ፣ የመጨረሻው ግብ በዚህ ዕረፍት ሙሉ ፍጥነትን መድገም ነው። ሆኖም እንጦጦ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል ትንፋሽ ቶሎ አይመለስም፤ ጀማሪ ሁለት ደቂቃ ያህል ቢያርፍ አይነቀፍም። ፔይተን በኅዳር 1977 ከሚኒሶታ ቫይኪንግስ ጋር ሲጫወት ጉንፋን ይዞት እያለ በ40 ሩጫ 275 ያርድ በመሮጥ የአንድ ጨዋታ ክብረ ወሰን አስመዝግቧል፤ ጀማሪው ግን በ8 ወይም በ10 ይጀምር፣ ፍጥነቱ መቀነሱን ባየ ጊዜም ያቁም። ደክሞ የሚሮጥ ሰው የሚለማመደው ዝግታን ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፤ በጾም ወራት ደግሞ ባዶ ሆድ ዳገት ከመውጣት ከምግብ በኋላ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ወደ ማምሻው መሥራት ይሻላል።

በሜዳው ላይ የሚደረገው ሌላው ልምምድ አቅጣጫ መለወጥ ነው። አራት ድንጋዮች በ5 ሜትር ርቀት ወዲያና ወዲህ ተቀምጠው፣ ሠልጣኙ ወደ እያንዳንዱ ሲደርስ ወገቡን ዝቅ አድርጎ በውጭ እግሩ ይገፋል፤ ዓይኑን ግን ወደ ድንጋዩ ሳይሆን ወደሚሄድበት ይጥላል። ኳሱ ሁልጊዜ ለተከላካዩ በሚርቀው ክንድ ይያዛል፦ ጣቶቹ የኳሱን ጫፍ ይጨብጣሉ፣ ሌላው ጫፍ በክርን እጥፋት ውስጥ ይገባል፣ ኳሱም ደረት ላይ ይጣበቃል። ሞላላ ኳስ ካልተገኘ በጨርቅ ጠቅልሎ በገመድ ያሰሩት ነገር ለአያያዝ ልምምድ ይሆናል።

ራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ በሌለበት መጣጣልን መለማመድ ግን ጨርሶ መከልከል አለበት። በእሱ ፈንታ ከወገብ ግራና ቀኝ ቁራጭ ጨርቅ ሸጉጦ ተከላካዩ እንዲነጥቅ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ፍላግ ፉትቦል የሚባለው በአንድ ወገን 5 ተጫዋቾች የሚሰለፉበትና በ2028 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የሚካሄደው ጨዋታ ነው። ለመጀመር 8 ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ ተለክቶ ሯጩ ከአንዱ ጫፍ፣ ተከላካዩ ከ10 ሜትር ርቀት ላይ ይነሣሉ፤ ሯጩ ጨርቁ ሳይነጠቅ 4 ሜትር ካለፈ ሩጫው እንደ ተሳካ ይቆጠርለታል፣ ከዚያም ቦታ ይለዋወጣሉ።