"ያለመከሰስ መብት አለው" ከማለታችን በፊት ምን እናጣራ?

አንድ የፓርላማ አባል ታሰረ ወይ ሊከሰስ ነው ሲባል ሁሉም "ያለመከሰስ መብት አለው እኮ" ይልና ክርክሩ እዛው ይቀራል፣ ግን በዚህ ስም የምንጠራቸው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በኢትዮጵያ ህገ መንግስት አንቀጽ 54ን አውጥታችሁ ንዑስ 5 እና 6ን ለየብቻ አንብቡ፣ 5 አባሉ ምክር ቤት ውስጥ ለሰጠው ድምፅና አስተያየት አይከሰስም፣ አስተዳደራዊ እርምጃም አይወሰድበትም ይላል፣ 6 ደግሞ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም፣ በወንጀልም አይከሰስም ነው የሚለው። አንዱ ንግግሩን ነው የሚጠብቀው ሌላው ራሱን ሰውዬውን።

ጉዳዩ ንግግር ከሆነ የት ነው የተናገረው በሉ፣ ዋናው ይሄ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሴናተር ፕሮክስማየር የአንድ ተመራማሪን ስራ የመንግስት ገንዘብ ብክነት ነው ብሎ አጣጣለ፣ ሴኔት ውስጥ ብቻ ቢለው ማንም አይነካውም ነበር፣ ግን በጋዜጣዊ መግለጫና ለመራጮቹ በሚልከው ደብዳቤ ስላሰራጨው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1979 ከለላው እዛ ድረስ አይሄድም አለ። ስለዚህ ፌስቡክ ላይ የለጠፈውንና በስብሰባ ላይ ያለውን አንድ አታድርጉት። በስብሰባም ቢሆን የሀገሩን ህግ እዩ፣ ለምሳሌ የጀርመን ህገ መንግስት አንቀጽ 46 ኮሚቴ ውስጥ የተባለውንም ይጨምራል፣ ስም የሚያጠፋ ስድብን ግን ያስወጣል።

ጉቦስ? የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 ድምፅ ለመስጠት ወይ ለመናገር ጉቦ የተቀበለ አባል ከለላ የለውም ብሎ የ1998 ውሳኔውን ሽሮታል፣ እኔ በጣም ትክክል ነው እላለሁ ምክንያቱም ከለላው የተሰጠው የመራጩን ድምፅ ያለፍርሃት እንዲያሰማ እንጂ እንዲሸጠው አይደለም።

ጉዳዩ እስር ከሆነ ደግሞ ሶስት ነገር ጠይቁ፦ እጅ ከፍንጅ ነው ወይ የተያዘው፣ ፈቃድ ተጠይቋል ወይ፣ ምክር ቤቱ ድምፅ የሰጠው ከመያዙ በፊት ነው ወይስ በኋላ። ቀኖቹን ጎን ለጎን ጻፏቸው፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚታየው እዛ ላይ ነው። እና እባካችሁ "ያለመከሰስ መብቱ ተነሳ" የሚለውን "ጥፋተኛ ነው" ብላችሁ አታጋሩ፣ የተነሳው ክስ እንዳይቀርብበት የሚያደርገው አጥር ብቻ ነው፣ ጥፋተኛ መሆኑን ማስረዳት ያለበት አሁንም አቃቤ ህግ ነው።