ከጅማ ወደ ውጭ አገር ስትወጡ ከስማችሁ ፊደል ጀምሩ

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባለች አንዲት የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ነው የምሠራው። ፎርም እሞላለሁ፣ ሰነድ ስካን አደርጋለሁ፣ ሲቪ እጽፋለሁ። ብዙው ደንበኛዬ ጉዳዩ የውጭ ጉዞ ነው። ስኮላርሺፕ ያገኘ ተማሪ ይመጣል፣ በኮንትራት ሳዑዲ ልትሄድ የተነሳች ልጅ ትመጣለች፣ አሜሪካ ያለች ልጃቸውን አርሰው ሊመለሱ የሚፈልጉ እናት ይመጣሉ። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ኤምባሲው ነው። «ቃለ መጠይቁ ላይ ምን ይሉኛል?» እኔ ደግሞ መጀመሪያ «እስቲ ወረቀቶችህን አውጣቸው» ነው የምለው። ብዙ ጉዞ ሲበላሽ ያየሁት እዚሁ ጅማ በተጻፈ አንድ ፊደል ነውና።

የኛ አካባቢ ሰው ስም በላቲን ፊደል ሁለት ዓይነት አጻጻፍ አለው። አንዱ የአፋን ኦሮሞው ቁቤ ነው፣ ሌላው እንግሊዝኛ የለመደው። ጫልቱን እንውሰድ። በቁቤ «ጨ» የሚጻፈው በ«ሲ» ብቻ ነው፣ ረጅሙ አናባቢም ይደገማል፤ ስለዚህ ሲ፣ ሁለት ኤ፣ ኤል፣ ቲ፣ ሁለት ዩ ይሆናል። በእንግሊዝኛው ልማድ ግን በ«ሲ ኤች» ይጀምርና አንድ ኤ፣ አንድ ዩ ይበቃዋል። ጣሃም እንዲሁ ነው። ቁቤው «ጠ»ን በ«ኤክስ» ይጽፋል፣ እንግሊዝኛው በ«ቲ»። እኛ ሁለቱንም አንብበን አንድ ሰው መሆኑን እናውቃለን። ቶሮንቶ ወይም ሪያድ ያለ ሠራተኛ ግን በኤክስ የሚጀምር ስም ያለበት ዲግሪና በቲ የሚጀምር ስም ያለበት ፓስፖርት ፊቱ ሲቀርብለት የሁለት ሰው ወረቀት ይመስለዋል። አይፈረድበትም።

ስለዚህ ፓስፖርት ከማመልከታችሁ በፊት አንድ ምሽት ለዚህ ስጡ። የልደት ሰርተፊኬት፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት፣ ዲግሪ ካለ ዲግሪ፣ የጋብቻ ሰርተፊኬት፣ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ በላያቸው ያለውን ስም በአንድ ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል ገልብጡ። የራሳችሁን፣ የአባታችሁን፣ የአያታችሁን። ልዩነቱ ያን ጊዜ ፊት ለፊት ይታያችኋል።

የትኛው ይጽደቅ? የኔ ምክር እንዲህ ነው። ፓስፖርት ገና ካላወጣችሁ ለመቀየር የሚያስቸግረውን ሰነድ ተከተሉ፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ የብሔራዊ ፈተና ውጤት ወይም ዲግሪ ነው። የልደት ሰርተፊኬቱንና ፓስፖርቱን በሱ ልክ አውጡ። ፓስፖርት ካላችሁና ቪዛ ከተመታበት ደግሞ ገዢው ፓስፖርቱ ነው፣ ሌላው ወደሱ ይምጣ። ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ስትሄዱም ስማችሁን በቃል ተናግራችሁ አትተዉት። በትልልቅ ፊደል ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡ፣ ሲጨርሱም ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት። አንድ ስኮላርሺፕ ያገኘ ልጅ ዲግሪው ላይ የአባቱ ስም በአንድ ፊደል ስለተለየ አንድ ወር ሙሉ ጅማና አዲስ አበባ ሲመላለስ ነበር የከረመው። በመጨረሻ ደረሰለት። ግን የቲኬት ገንዘቡ ግማሹ በአውቶቡስ አለቀ።

የፓስፖርት ማመልከቻው የሚሞላው በኢንተርኔት ነው፤ ከዚያ በቀጠሮ ቀን አሻራና ፎቶ ለመስጠት ራሳችሁ ትቀርባላችሁ። እዚያ ፎርም ላይ የተሳሳተ ፊደል ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ይወጣል። ለሌላ ሰው ካስሞላችሁ፣ ለኔም ቢሆን፣ «ላክ» ከመባሉ በፊት ስክሪኑን ወደናንተ አዙሩትና አንብቡ። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ልጃቸው ወይም ጎረቤት አብሮ ይምጣ።

አንድ ሌላ ነገር አለ። የኛ ፓስፖርት የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይይዘዋል፣ የራስና የአባት ስም አንድ ላይ ይሆናሉ። ስለዚህ የአባትና የልጅ «የቤተሰብ ስም» ፓስፖርት ላይ አይገጥምም፣ የባልና የሚስትም አይገጥምም። ፈረንጆቹ ይሄ ግራ ያጋባቸዋል። ከልጅ ጋር የምትጓዙ ከሆነ የልጁን የልደት ሰርተፊኬት በእንግሊዝኛ አስተርጉማችሁ በእጃችሁ ያዙ። ቲኬት ስትቆርጡም ፓስፖርቱ ፎቶ ያለበት ገጽ ታች ያሉትን ሁለት መስመሮች ተመልከቱ። እዚያ ቀድሞ የተጻፈው የአያት ስም ነው፤ ቲኬቱ ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የሚገባው እሱ ነው።

ቀኑም እንደ ስሙ ነው። ጥር 1 ቀን 1990 የተወለደ ሰው በፈረንጅ ጃንዋሪ 9 ቀን 1998 ነው የተወለደው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። አንዳንዱ ወረቀት ላይ ዓመቱ ብቻ ተቀይሮ ቀኑና ወሩ እንዳለ ይቀራል፣ ሌላው ላይ ጭራሽ ሳይቀየር ይቀመጣል። አንዴ በትክክል አስቀይሩና ያንን ቀን እስከ መጨረሻው ያዙ።

የትምህርት ወረቀት

ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቃችሁ ቴምፖራሪ፣ ማለትም ጊዜያዊውን ዲግሪ፣ ብቻ ይዛችሁ ከሆነ የወጪ መጋራቱን ጉዳይ ጨርሳችሁ ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት አሁኑኑ ጀምሩ። ውጭ ያለ ዩኒቨርሲቲ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው እንዲላክለት ሊጠይቅ ይችላልና ሬጅስትራር ስትሄዱ ይህንንም አንድ ላይ ጨርሱት።

ማረጋገጫው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ሰነዱን ያወጣው ወይም የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ነው፤ ለዲግሪ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማለት ነው። ቀጥሎ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር። በመጨረሻ የምትሄዱበት አገር ኤምባሲ። አንዱን ዘላችሁ ሌላው ጋ ብትደርሱ ይመልሷችኋል። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ስለዚህ ሁሉንም እዚህ አዘጋጅታችሁ አንዴ ሂዱ። የሁሉንም ሰነድ ስካን ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡ። ፍላሽ ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ፍላሹ ሲጠፋበት አይቻለሁ።

በኮንትራት ለምትሄዱ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፣ በተለይ እህቶቼ። ለዚህ ጉዳይ በ2008 ዓ.ም የወጣ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 923 ነው፣ በኋላም ተሻሽሏል። አዋጁ ማን ምን እንደሚከፍል ለይቶታል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና ኢንሹራንስ የአሠሪው ወጪ ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የክትባት፣ የልደት ሰርተፊኬትና የሲኦሲን (የሙያ ብቃት ማረጋገጫውን) የመሳሰለውን ነው። ስለዚህ «ለቪዛው ይህን ያህል አምጪ» የሚል ሰው ከመጣ የአሠሪውን ዕዳ ከናንተ እየሰበሰበ ነው። ላም ሸጣችሁ፣ የቡና መሬት አስይዛችሁ እንዳትሰጡት።

ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው ከሥራና ክህሎት ቢሮ ጠይቁ። ደላላው የሠፈር ልጅ ቢሆንም፣ እናቱን ብታውቁም ጠይቁ። ኮንትራቱ ላይ የአሠሪው ስም፣ የሥራው ዓይነት፣ ደመወዙ፣ የዕረፍት ቀኑና የኮንትራቱ ዘመን መጻፍ አለበት። አንዱን ኮፒ ቤት ተዉት።

«ፍሪ ቪዛ» የሚባለውን ነገር፣ በአንድ አሠሪ ስም ገብቶ የፈለጉበት መሥራትን ማለት ነው፣ ደጋግመው ይጠይቁኛል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች መኖሪያ ፈቃዱ ከካፊሉ ጋር የተያያዘ ነው፣ ካፊል ማለት ፈቃዱን ያወጣው አሠሪ ነው። በአንዱ ስም ገብቶ ሌላ ቦታ መሥራት እዚያ ሕገ ወጥ ነው። በጉብኝት ቪዛ ገብቶ መሥራትም እንደዚያው። አሠሪው ደመወዝ ቢከለክል፣ ብትታመሙ ወይም ብትመቱ ለመክሰስ የምትይዙት ወረቀት አይኖራችሁም። ጓደኛዬ በዚህ ሄዳ ተሳክቶላታል የሚል ሰው አይጠፋም። ያልተሳካላት ግን ደውላ አትነግራችሁም።

የፓስፖርቱን፣ የቪዛውንና የኮንትራቱን ፎቶ ለሁለት የቤተሰብ ሰው በቴሌግራም ላኩ። አሠሪ ፓስፖርት ወስዶ የሚያስቀምጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ፎቶው ካለ ቢያንስ ቁጥሩ ይገኛል። የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ስልክ በወረቀት ተጽፎ ልብስ ውስጥ ይቀመጥ፣ ስልክ ሊወሰድ ይችላልና። ጅዳ፣ ዱባይና ቤይሩት ቆንስላ አለን፤ ሪያድ፣ ዶሃና ኩዌት ኤምባሲ።

ከመሄዳችሁ በፊት በራሳችሁ ስም ባንክ ሒሳብ ክፈቱ። አንድ ለቤተሰብ የምትልኩበት፣ አንድ ደግሞ ማንም የማይነካው የራሳችሁ። ሦስት ዓመት ሠርታ ስትመለስ ሁሉም በወንድሟ ስም የሆነባት ልጅ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ አልቅሳለች።

አውሮፓ ለጉብኝት

ይህን ባጭሩ። ለሼንገን ቪዛ ፓስፖርቱ ከምትመለሱበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቆይና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት፣ የጉዞ ኢንሹራንሱም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን። ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም ወዲህ የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ሠርግ ወይም ምረቃ ካላችሁ ሦስት ወር ቀድማችሁ አመልክቱ። ባንክ ደብተር ላይ ከማመልከቻው ሳምንት በፊት ከዘመድ የተበደራችሁትን ገንዘብ አታስገቡ። ከየት መጣ ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። ትንሽም ብትሆን በየወሩ የምትገባ ደመወዝ ትሻላለች።

የጉዞው ቀን

ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚያሳስተው ቀኑ ነው። ቲኬቱ «አርብ 00:45» ካለ በኛ ሐሙስ ማታ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ45 ነው። አንድ ወጣት አርብ ማታ ቦሌ ደርሶ በረራው ትናንት ሌሊት እንደሄደ ተነገረው። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ቀኑ አለፈበት። እኔ አሁን ለማንም ቲኬት ሳትም ከሥሩ በአማርኛ «ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ቦሌ ተገኝ» ብዬ እጽፋለሁ። ለራሳችሁም ጻፉ።

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የምትበሩበት ቲኬት ከውጭው ቲኬት ተለይቶ የተቆረጠ ከሆነ አንድ ቀን ቀድማችሁ ሂዱ። ክረምት ላይ በዝናብና በደመና በረራ ሊዘገይ ይችላል፣ በዚያ ምክንያት ያመለጣችሁ ሁለተኛ ቲኬት ኪሳራው የናንተ ነው። በመኪና ከሆነም ያው።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ወደሚጠየቅበት አገር የምትሄዱ ከሆነ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ተከተቡ፤ ካርዱ የሚጸናው ከዚያ በኋላ ነው። አንዴ ከተከተባችሁ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ አታጥፉት።

ሻንጣ ላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጫት እንዳትይዙ። እኛ ጋ ገበያ ላይ የሚሸጥ ነገር ስለሆነ ሰው አይከብደውም። አሜሪካ ክልክል ነው፣ እንግሊዝም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች፣ ሳዑዲና ኤምሬትስ እስር አለው። የደረቀውም ያው ጫት ነው። «ሒና ነው፣ ለእህቴ አድርሺልኝ» ብሎ የታሸገ ከረጢት የሚሰጥ ሰው ካለ ፊቱ ላይ ክፈቱት፣ ካልፈቀደ አትቀበሉ። ዘመድ ቢቀየም ይቀየም። እንደ ትራማዶል ያለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ወደ አረብ አገር ያለ ሐኪም ወረቀት አይያዝም። ወደ አውሮፓ ቋንጣ፣ ቅቤና አይብ አይገባም፤ ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ቡናውን ቆልታችሁና ፈጭታችሁ ያዙ፣ ከአገር ለማውጣት የሚፈቀደውን መጠን ደግሞ አየር መንገዱን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ቤት፣ መሬት ወይም መኪና ካላችሁ ውክልና ሰጥታችሁ ሂዱ። ከውጭ ሆኖ ውክልና መላክ ይቻላል፣ ግን በኤምባሲ በኩል ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል። ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ነው የሚያገለግለው፤ ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ልዩውን ስትሰጡ ለማን እንደምትሰጡ ሁለት ጊዜ አስቡ።

ዋና ዋና ወረቀቶቹ በእጅ ቦርሳ ይሁኑ፣ ሻንጣ ውስጥ አይግቡ። ፓስፖርት ልታወጡ ያሰባችሁ ጅማ ያላችሁ ደግሞ የገለበጣችሁትን የስም ወረቀት ይዛችሁ ብቅ በሉ፣ ፊደል በፊደል አብረን እናየዋለን። ለማየት አላስከፍልም። እሁድ ዝግ ነው።