አዲሱን የዲዛስተር ሪከቨሪ ሶፍትዌር በትክክል ሥራ ላይ ማዋል

የዲዛስተር ሪከቨሪ ሶፍትዌር (ዋናው የሰርቨር ቦታ ወይም ሳይት ሲወድቅ ሥራውን በመጠባበቂያ ሳይት ካለ ቅጂ የሚያስቀጥል) ወደ አዲስ ስሪት ካደገ በኋላ የድሮውን ፕላን እንዳለ ማስኬድ የተለመደ ነው። ጉዳቱ የሚታየው ዋናው ሳይት የወደቀ ዕለት ነው። በየስሪቱ የሚጨመሩት መገልገያዎች ብዙውን ጊዜ በራሳቸው አይበሩም፤ እያንዳንዳቸው የእናንተን ውሳኔ ይጠብቃሉ።

ከሁሉ በፊት ለእያንዳንዱ አገልግሎት ሁለት ቁጥር ይጻፍ፦ ስንት ሰዓት ቢቋረጥ እንታገሣለን፣ የስንት ደቂቃ ዳታ ቢጠፋ እንችላለን። የመጀመሪያው አርቲኦ፣ ሁለተኛው አርፒኦ ይባላል። ቁጥሩን የሚወስነው የሥራው ባለቤት እንጂ የአይቲ ክፍሉ አይደለም።

መስመሩ ይችላል ወይ?

አርፒኦውን ከ60 ደቂቃ ወደ 15 ማውረድ በሶፍትዌሩ ላይ የአንድ ጠቅታ ሥራ ነው፤ በሁለቱ ሳይቶች መካከል ያለው መስመር ግን አብሮ አይሰፋም። 500 ጊጋባይት ዳታ በቀን 5 በመቶ ቢለወጥ 25 ጊጋባይት ይሆናል። ለ24 ሰዓት እኩል ቢከፋፈል በሰከንድ 2.3 ሜጋቢት ይበቃ ነበር። ነገር ግን የዚህ ሩብ በአንድ ሰዓት የሌሊት ሥራ ውስጥ ከተለወጠ ወደ 14 ሜጋቢት ያስፈልጋል። ስሌታችሁ በዚያች ሰዓት ይሁን። የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ ደግሞ በ20 ሜጋቢት መስመር 56 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩ ከፈቀደ ዳታውን በዲስክ አጓጉዛችሁ ልዩነቱን ብቻ በመስመር ላኩ።

መስመሩ ሲያንስ ግንኙነቱ አይቋረጥም፤ ቅጂው ወደ ኋላ ይቀራል። በዚህ ጊዜም የግንኙነት ምልክቱ አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ማስጠንቀቂያውን በግንኙነቱ ላይ ሳይሆን በመጨረሻው የመመለሻ ነጥብ ዕድሜ ላይ አስሩት።

የተነጠለ ሙከራ

ከአዲሶቹ መገልገያዎች አንዱን ብቻ ለማብራት ጊዜ ካላችሁ ይህን አብሩ። ቅጂዎቹን በመጠባበቂያው ሳይት ያስነሳል፤ ሕያውን ሥራም ሆነ ሪፕሊኬሽኑን (ወደ መጠባበቂያው የሚደረገውን ተከታታይ ቅጂ) አያቋርጥም።

1. ለሙከራው ብቻ የሚሆን ቪላን (የተነጠለ ኔትወርክ) በመጠባበቂያው ሳይት ፍጠሩ፤ ወደ ሕያው ኔትወርክ ምንም መውጫ አይኑረው። በቪኤምዌር ሳይት ሪከቨሪ ማኔጀር (አሁን ላይቭ ሳይት ሪከቨሪ በሚባለው) ሶፍትዌሩ ራሱ የሚፈጥረው የሙከራ ኔትወርክ ከአንድ ሆስት፣ ማለትም ማሽኖቹን ከሚያስኬድ አንድ ሰርቨር፣ አይሻገርም። ዳታቤዙ በአንደኛው፣ አፕሊኬሽኑ በሌላኛው ሆስት ላይ ከተነሣ አይተያዩም፤ ሙከራውም ያለ በቂ ምክንያት ይወድቃል።

2. የዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉም) እና የዶሜይን ኮንትሮለር (የተጠቃሚዎችን መግቢያ የሚያረጋግጥ) ሰርቨሮች ቅጂ በዚያው ቪላን ውስጥ አስገቡ። ያለ እነሱ ማሽኖቹ ይነሣሉ፤ ማንም ግን ሊገባ አይችልም። ይህ ቅጂ ከሕያው ኔትወርክ ጋር ከተገናኘ የተጠቃሚዎችን መዝገብ ሊያበላሽ ስለሚችል መውጫ አለመኖሩን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ።

3. የመነሻ ቅደም ተከተል ስጡ፦ ዳታቤዝ፣ አፕሊኬሽን፣ ድረ ገጽ። ሳይት ሪከቨሪ ማኔጀር 5 የቅድሚያ ደረጃዎች አሉት፤ ካልነካችሁት ሁሉም ማሽን ደረጃ 3 ላይ ይቀመጣል። ያኔ አፕሊኬሽኑ ዳታቤዙን ሳያገኝ ይነሣና እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ማሽን ተነሣ ማለት ዳታቤዙ ጥያቄ መቀበል ጀመረ ማለት አይደለም። ስለዚህ በመካከል ስክሪፕት አስገቡ፤ የዳታቤዙን ፖርት በየ10 ሰከንዱ ይሞክር፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ መልስ ካጣ ስሕተት መዝግቦ ይቁም።

4. አገልግሎቱን የሚያውቅ ሰው ገብቶ እውነተኛ ሥራ ይሥራ፦ መዝገብ ያስገባ፣ ሪፖርት ያውጣ። ከመጀመሪያው ጠቅታ እስከዚህ የፈጀው ሰዓት ነው እውነተኛው አርቲኦ።

5. ማጽጃውን አስኬዱ። የተረሳ ሙከራ ስናፕሾቱ (በሙከራው የተለወጠውን ዳታ የሚይዘው ፋይል) እያደገ የመጠባበቂያውን ዲስክ ይሞላል።

ጆርናልና የማይሰረዝ ባክአፕ

ሪፕሊኬሽን ራንሰምዌርን (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) አይከላከልም፤ የተቆለፈውንም ፋይል በታማኝነት ይቀዳል። ጆርናል (የለውጦች ተከታታይ መዝገብ) የሚያስፈልገው ወደ ኋላ ተመልሶ ነጥብ ለመምረጥ ነው። ዜርቶ የተባለው የሪከቨሪ ሶፍትዌር ጆርናሉን እስከ 30 ቀን ያቆያል። በቀን 25 ጊጋባይት ለሚለወጥ ሥርዓት የ7 ቀን ጆርናል ቢያንስ 175 ጊጋባይት ይፈልጋልና ትርፍ ቦታ ጨምሩበት። ጥቃት ሲደርስ የቅርቡን ነጥብ ቀጥታ ወደ ሥራ አታስገቡ፤ መጀመሪያ በተነጠለው ኔትወርክ ፈትሹ፣ ካልጸዳ ወደ ኋላ ሂዱ።

አጥቂው በጆርናሉ ዕድሜ ልክ ተደብቆ ከቆየ የሚያድናችሁ የማይሰረዝ ባክአፕ ነው። በአማዞን የክላውድ ማከማቻ በኤስ3፣ ፋይል እንዳይሰረዝ የሚቆልፈው ኦብጀክት ሎክ ሁለት አማራጭ አለው። በላላው፣ ልዩ ፈቃድ ያለው ሰው ቁልፉን ማንሣት ይችላል፤ በጥብቁ ግን የአካውንቱ ባለቤት እንኳ ቀኑ ሳይደርስ መሰረዝ ወይም ቀኑን ማሳጠር አይችልም። ስለዚህ በ1 ቀን ሞክሩ፤ በስሕተት 365 የጻፈ የዓመት የማከማቻ ሒሳብ ይጠብቀዋል። የባክአፑ ሰርቨር ከዋናው ዶሜይን ውጭ፣ በራሱ የይለፍ ቃል ይሁን።

እውነተኛው ሽግግርና መመለስ

የዲኤንኤስ መዝገቦችን የቆይታ ጊዜ ከወዲሁ ወደ 300 ሰከንድ አውርዱ። በአደጋው ሰዓት ማውረድ አይረዳም፤ ደንበኞች የያዙት አሮጌ መልስ በአሮጌው ጊዜ ነው የሚያልቀው።

የወደቀው ሳይት ሲነሣ አሮጌዎቹ ማሽኖች በዚያው አይፒ አድራሻ አብረው ሊነሡ ይችላሉ። መስመሩን ከመቀጠላችሁ በፊት አጥፏቸው፤ አለዚያ ሁለት ዳታቤዝ በአንድ ጊዜ መዝገብ ይቀበላል፣ እሱን ማስታረቅ ደግሞ እጅግ ከባድ ነው። ዲስኮቻቸውን ግን አትሰርዙ። የተገላቢጦሽ ጥበቃ (አሁን ሥራው ካለበት ሳይት ወደ ሌላኛው መቅዳት) ሲበራ ሶፍትዌሩ አሮጌውን ዲስክ ከአዲሱ አነጻጽሮ ልዩነቱን ብቻ ይልካል፤ ዲስኩ ከሌለ ያ የ56 ሰዓት ቅጂ ከዜሮ ይጀምራል።

ቅጂው ሲሟላ በታቀደ ሽግግር ተመለሱ። ከዚያ የተገላቢጦሽ ጥበቃውን አንድ ጊዜ ደግማችሁ አስኬዱ፤ እሱ እስኪሠራ ድረስ ዋናው ሳይት መጠባበቂያ የለውም።