የነፍጥ ሰደፍ ላይ ናስና ብረት አገጣጠም

ባሩድና አረር በአፈሙዙ የሚጎርስ የድሮ ነፍጥ እንጨቱ ሲበሰብስ አዲስ ሰደፍ መጥረብ ለደህና አናጢ አይከብድም። የሚከብደው ብረቱን ማልበስ ነው። (ነፍጡ ለግድግዳ ጌጥ ቢሆን እንኳ የሚተኩስ ከሆነ በቅድሚያ ፈቃዱን አጣሩ። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድ ይጠይቃል።)

እንጨቱ ዋንዛ ወይም ወይራ ቢሆን ይሻላል። ዋንዛ ለመሮ ይታዘዛል፣ ጠርዙ ግን ቶሎ ይጨፈለቃል። ወይራ ጠርዝ ይይዛል፣ ቪቲ በጠባብ ቀዳዳ ሲገባበት ግን ይሰነጠቃል። ሁለቱም በደንብ የደረቁ ይሁኑ። በአዲስ አበባ ክረምት እርጥብ ሳለ የተገጠመ እንጨት በበጋ ይኮማተርና የናሱ ጠርዝ ወጥቶ እጅ ይቧጭራል።

ናስ መርካቶ ምናለሽ ተራ ተፈልጎ አይጠፋም። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሳበው ውስጡ ብረት ነው።

ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። መጀመሪያ በርሜሉ እንጨቱ ውስጥ ይቀበራል፤ ቀጥሎ መዶሻውንና ሞላውን የተሸከመው ገበታ፣ ከዚያ ምላጩ። የገበታው ቦታ የሚለካው በርሜሉ ላይ እሳት ከሚገባበት ቀዳዳ ስለሆነ ገበታውን ያስቀደመ ሰው ሁሉንም ይስታል። የሰደፉ መጨረሻ ናስና የምላጩ ከለላ በኋላ ይደርሳሉ።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። የናሱን ጠርዝ በሞረድ በትንሹ አዘንብሉት፤ የታችኛው ፊት ከላይኛው ጥቂት ይጥበብ። እንዲህ ሲሆን እየወረደ በሄደ ቁጥር ክፍተቱን ራሱ ይዘጋል። ቀጥ ያለ ጠርዝ ግን ሲወጣና ሲገባ የእንጨቱን አፍ ይበላዋል። ዙሪያውን በስለታም ቢላ ምልክት አድርጉ፤ የእርሳስ መስመር ራሱ ውፍረት አለው። መሮውን ከመስመሩ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ጀምሩ።

ከዚያ ጥላሸት ነው የሚመራችሁ። ናሱን በኩራዝ ወይም በጧፍ ነበልባል ላይ እስኪጠቁር ያዙት፣ ሲቀዘቅዝ ቀጥ አድርጋችሁ እንጨቱ ላይ አኑሩት፣ በእንጨት መዶሻ አንዴ ቀስ ብላችሁ ንኩትና አንሱት። እንጨቱ ላይ የጠቆረው ቦታ ብቻ ይፋቃል፣ ሌላው አይነካም። ሃያ ሠላሳ ጊዜ መመላለስ የተለመደ ነው። የሚቻኮል ሰው መዶሻውን ያከብዳል፤ ያን ጊዜ እንጨቱ ተጨፍልቆ የተገጠመ ይመስላል፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን ያብጥና ናሱን ይገፋዋል። ገበታው ላይ ደግሞ ሞላው የሚንቀሳቀስበት ቦታ ጥላሸት ፈጽሞ ሊታይበት አይገባም፤ ሞላው እንጨት ከነካ የነፍጡ መዶሻ ይዘገያል። ሆኖም ከሚያስፈልገው በላይ አትቆፍሩ፤ ሰደፍ የሚሰበረው እዚያው አንገቱ ላይ ነው።

ለ4 ሚሊ ሜትር ቪቲ ዋንዛ ላይ በ2.5፣ ወይራ ላይ በ3 ሚሊ ሜትር መብሻ ብሱ። የእንጨቱ ቀዳዳ ከናሱ ቀዳዳ መሐል በጣም ጥቂት፣ የፀጉር ያህል፣ ናሱ እንዲጠብቅ ወደምትፈልጉበት አቅጣጫ ያዘንብል፤ ቪቲው ሲጠብቅ ናሱን ስቦ ያጣብቀዋል። መጀመሪያ የብረት ቪቲ ሰም ቀብታችሁ አስገቡና አውጡ፣ ከዚያ የናሱን አስገቡ። ናስ ቪቲ ለስላሳ ነው፤ በቀጥታ ወይራ ውስጥ ከተነዳ አንገቱ ይቆረጣል፣ የቀረውን ማውጣትም መከራ ነው። ሳሙና አትቀቡ፣ እርጥበት ይስባል።

ክፍተት ከቀረ በመጋዝ ዱቄትና በኮላ አትድፈኑት፤ ዘይት ሲነካው ጠቁሮ ይታያል። ከዚያው እንጨት ስስ ስንጥር በጅማቱ አቅጣጫ አስገብታችሁ አጣብቁ።

ናሱንና እንጨቱን አብራችሁ በሞረድ አስተካክሉ፤ እንጨቱ እስከዚያ ድረስ በትንሹ ከፍ ብሎ ይቆይ። ብርጭቆ ወረቀቱን ጠንካራ ጣውላ ላይ ጠቅልሉት፤ በጣት ከተፈተገ እንጨቱ ቶሎ ይበላና የናሱ ጠርዝ ይቀራል። የብረት ብናኝ እንጨቱ ላይ እርጥበት ሲያገኝ ያጠቁረዋል፣ ስለዚህ በደረቅ ብሩሽ አራግፉት። በመጨረሻም ናሱን ነቅላችሁ የተቀበረበትን ጉድጓድ በተልባ ዘይት አጥግቡ፣ በደንብ ሲደርቅ መልሳችሁ ግጠሙ።