ቢን ካርዱን ሳታዩ ዳታቤዝ አትጀምሩ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን፣ አልፎ አልፎም ሰበታ። የምሠራው በእነዚህ ሰፈሮች ባሉ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫዎችና መጋዘኖች ነው። የዕቃ መቆጣጠሪያ ሲስተም እሠራለሁ። ከዚያ በላይ ጊዜዬን የሚበላው ግን ሌላ ሰው ሠርቶት የተበላሸውን ማቃናት ነው። ኮንዶሚኒየሙ ሰው ሲገባበት ሱቁም አብሮ በዛ። ከአዳማው ፈጣን መንገድ የሚወጣው ከባድ መኪና ሲሚንቶና ፌሮ ሲያራግፍ ይውላል። ማታ ባለሱቁ "ስንት ቀረን?" ይላል። ይህችን ጥያቄ በትክክል የማይመልስ ሲስተም በየጊዜው ያጋጥመኛል፤ ስህተቶቹም ሁሌ እነዚያው ናቸው።

የምጽፈው ገና ለጀመራችሁት ነው። ኮድ መጻፍ ትችላላችሁ፤ እሱን አላስተምራችሁም።

ቀሪውን በአንድ ቁጥር መያዝ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ስለሆነ ረዘም ላድርገው።

ጀማሪ ሁሉ "ዕቃዎች" የሚል ሰንጠረዥ ይከፍታል። ስም፣ ዋጋ፣ ብዛት። ዕቃ ሲገባ ብዛቱን ይጨምራል፣ ሲሸጥ ይቀንሳል። ይሠራል፤ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ሦስተኛው ወር ላይ ሲስተሙ 212 ይላል፣ መደርደሪያው ላይ 197 አለ። አሥራ አምስቱ የት ገባ? የሚመልስ የለም። ሲስተሙ የሚያውቀው የዛሬን ቁጥር ብቻ ነዋ! ትናንት ስንት ነበር? ማን ነካው? በየትኛው ደረሰኝ ወጣ? ይሄ ሁሉ በላዩ ላይ ተጽፎበት ጠፍቷል።

እኔም እንዲህ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር። ሽያጩን መመዝገብና ብዛቱን መቀነስ ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ነበሩ፤ በአንድ ትራንዛክሽን፣ ማለትም ወይ ሁሉም የሚፈጸምበት ወይ ምንም የማይፈጸምበት ጥቅል ውስጥ፣ አላሰርኳቸውም። እዚያ ሰፈር ደግሞ መብራት በቀን ሁለት ሦስቴ ይሄዳል። ሽያጩ ተመዝግቦ ብዛቱ ሳይቀነስ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ የሰኔ ቆጠራ ደረሰና 38 ከረጢት ሲሚንቶ ጎደለ ተባለ።

ስቶር ኪፐሩ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው ናቸው። እንደማንኛውም ስቶር ኪፐር ዋስ ጠርተው ነው የተቀጠሩት። ጉድለቱ ከደሞዛቸው ይቆረጣል፣ ካልበቃም ዋሱ ይጠየቃል። የዚያን ቀን ፊታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሚስማር ላይ የተሰቀለውን ቢን ካርድ፣ የአንድ ዕቃ ገቢና ወጪ በእጅ የሚጻፍበትን ካርድ፣ አውርደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ።

"ልጄ፣ እኔ ካርድ ላይ የተሰረዘ የለም። አንተ ጋ አለ?" አሉኝ።

ካርዱን ከደረሰኞቹ ጋር እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት አመሳከርን። ሠላሳ ስምንቱም ከረጢት በየቀኑ፣ በየደረሰኙ ተገኘ። ባለቤቱን ጠርቼ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኩት። ጋሼ ካርዱን መልሰው ሰቀሉት።

ያን ካርድ ደህና አድርጋችሁ እዩት። ቀን፣ የሰነድ ቁጥር፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ፣ ፊርማ። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሞዴል 19 ሳይቆረጥ ዕቃ እንደማይገባ፣ ሞዴል 22 ሳይቆረጥ እንደማይወጣ ያውቃል። ካርዱ ላይ ማንም የድሮውን መስመር አይፍቅም። ስህተት ካለ አዲስ መስመር ይጻፍና ይስተካከላል። የምትፈልጉት የዳታቤዝ ንድፍ እዚያ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

ስለዚህ "እንቅስቃሴ" የሚል ሰንጠረዥ ክፈቱ። የዕቃው መለያ፣ መጋዘኑ፣ ብዛቱ፣ ምክንያቱ፣ የሰነድ ቁጥሩ፣ የመዝጋቢው ስም፣ ቀንና ሰዓቱ። የገባ በመደመር ምልክት፣ የወጣ በመቀነስ ምልክት። ምክንያቱ ግዢ፣ ሽያጭ፣ ተመላሽ፣ ብልሽት፣ ዝውውር ወይም የቆጠራ ማስተካከያ ይሆናል። ቀሪ ማለት የእነዚህ ድምር ነው። መስመር አይሰረዝም፣ አይስተካከልም። ተሳስቶ 50 የጻፈ ሰው ሌላ መስመር ከፍቶ 50 ይቀንሳል፣ ከዚያ ትክክለኛውን ይጽፋል።

"መስመሩ ሲበዛ አይዘገይም ወይ?" ትሉኛላችሁ። በዕቃውና በመጋዘኑ ላይ ኢንዴክስ አድርጉ። የአንድ ሱቅ የብዙ ዓመት እንቅስቃሴ ለተራ ኮምፒውተር ምንም አይደለም። ለፍጥነት ብላችሁ ቀሪውን ለብቻው መያዝ ከፈለጋችሁ ያዙ። ግን ሁለቱም በአንድ ትራንዛክሽን ይጻፉ፤ ወይ ሁለቱም ይገባሉ፣ ወይ አንዱም አይገባም። ቀሪው ቢበላሽ ደግሞ ከእንቅስቃሴዎቹ እንደገና ተደምሮ መገኘት አለበት።

ሁለት ሻጮች በአንድ ጊዜ የመጨረሻዎቹን አሥር ጋሎን ቀለም ቢሸጡስ? ሁለቱም "10 አለ" የሚል ያያሉ፣ ሁለቱም ይሸጣሉ፣ ቀሪው ከዜሮ በታች አሥር ይሆናል። ቀሪውን የምታነቡበትን መስመር እስክትጨርሱ ቆልፉት። ዳታቤዙ ራሱ ይህን ይችላል፤ በራሳችሁ ኮድ አትፈልስፉት።

መለኪያ ሳይጠይቁ መጀመር

አንድ መጋዘን ውስጥ የ300 ኩንታል ሲሚንቶ ሰነድ መጣ። መዝጋቢዋ ልጅ 300 ብላ አስገባች። ሻጩ ደግሞ የሚሸጠው በከረጢት ነው። ከረጢቱ 50 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ የገባው 600 ከረጢት ነበር። ግማሹ ሲሸጥ ሲስተሙ "አልቋል" አለ። መጋዘኑ ውስጥ 300 ከረጢት ተደርድሮ እያለ ደንበኛ ተመለሰ። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። ሰንጠረዡ መለኪያ የሚባል ነገር አልጠየቃትም።

ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ መነሻ መለኪያ ይኑር፤ ብዙ ጊዜ የሚሸጥበት ትንሹ መለኪያ። ሌሎቹ መለኪያዎች ማባዣቸውን ይዘው በሌላ ሰንጠረዥ ይቀመጡ። ሽቦ በጥቅል ይገዛል፣ በሜትር ይሸጣል። ሴራሚክ በካርቶን ይመጣል፣ ደንበኛው ካሬ ሜትር ይላል። የካርቶኑ ይዘት ደግሞ እንደ ሴራሚኩ መጠን ይለያያል። ስለዚህ ማባዣው የየዕቃው ነው፤ ለሁሉም አንድ አታድርጉት።

ፌሮ ለብቻው መነገር አለበት። በክብደት ይገዛል፣ በበርጋ፣ ማለትም በአንድ ሙሉ ዘንግ፣ ይሸጣል። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በስሌት በሜትር 0.888 ኪሎ ነው። 12 ሜትሩ ወደ 10.66 ኪሎ ይመጣል፤ አንድ ቶን ወደ 94 በርጋ ማለት ነው። ይሄ ግን የወረቀት ቁጥር ነው። ፌሮው ቀጠን ካለ በርጋው ይበዛል፣ ወፈር ካለ ያንሳል። ስለዚህ ሲራገፍ ይቆጠር። የተቆጠረው በርጋም የተመዘነው ኪሎም ሁለቱም ይመዝገብ። ኪሎውን አካፍሎ በርጋ የሚያወጣ ሲስተም ሠርታችሁ ለስቶር ኪፐር አትስጡ። የሌለ ፌሮ ታስጠይቁታላችሁ።

ዋጋን ከዕቃው ላይ ብቻ ማንበብ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የሕንፃ መሣሪያ ዋጋ በየቀኑ ተቀያየረ። አንድ ሱቅ ውስጥ ሽያጭ የሚሰላው ብዛቱ በዕቃው የዛሬ ዋጋ ተባዝቶ ነበር። አዲሱ ዋጋ ሲገባ ያለፈው ዓመት ሽያጭ በሙሉ አብሮ ተባዛ። ባለቤቱ ነሐሴ ላይ ሪፖርት ሲያወጣ ያልሰበሰበውን ገንዘብ ሰብስበሃል አለው። ግብር ማሳወቂያ ወቅት ላይ ይሄ ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ አስቡት።

የተሸጠበት ዋጋ ከሽያጩ መስመር ጋር ይጻፍ። የተጨማሪ እሴት ታክሱም እንዲሁ። የተገዛበት ዋጋ ከገቢው እንቅስቃሴ ጋር ይጻፍ። 200 ቆርቆሮ በ800 ብር፣ ቀጥሎ 100 በ1,100 ብር ቢገባ አማካዩ 900 ብር ነው። ይህን ማውጣት የሚቻለው ሁለቱም ግዢ በየራሱ ዋጋ ከተቀመጠ ብቻ ነው። የትኛውን ስሌት እንደምትከተሉ ደግሞ እናንተ አትወስኑም። የሂሳብ ባለሙያውን ጠይቁት።

ቀን

በጽሑፍ የተቀመጠ ቀን አያለሁ። "30/10/2016" የሚል። ሰኔ 30 ነው እንጂ ኦክቶበር አይደለም፤ ይሄን የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው። ሌላው ደግሞ የእኛን ቀን በዳታቤዙ የቀን ዓይነት ለማስገባት ይታገላል። ጥቅምት 30 ፌብሩዋሪ 30 ይሆንበታል፤ ዳታቤዙ አይቀበለውም። ጳጉሜንማ ጭራሽ ቦታ የላትም።

ውስጥ በፈረንጅ ቀን አስቀምጡ፤ ለሰው ሲታይ በእኛ ይቀየር። ሰዓቱም እንዲሁ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ውስጥ 9፡00 ነው። የብዙ ድርጅት የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ ሪፖርቱ በእሱ ይቆረጥ። አንድ ጊዜ የወሮቹ ድምር ከዓመቱ ድምር አልገጥም ብሎን ሁለት ቀን ለፋን። የወር ዝርዝሩ ውስጥ ጳጉሜን አልነበረችም። በበዓል ዋዜማ የተሸጠው ሁሉ ከወር ሪፖርት ውጭ ቀርቶ ነበር።

ፊደልና ስም

የዕቃ ስም መለያ ቁልፍ አይሆንም። የመታጠቢያ ሳህን አንዱ "ሣህን"፣ ሌላው "ሳሕን" ይለዋል። የፀሐይ አምፖልማ ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ አስቡት። አንዱ ዕቃ ሦስት ቦታ ተመዝግቦ ሦስት ቀሪ ይኖረዋል፤ አንዱ "አልቋል" ሲል ሁለቱ ሞልተው ይቀመጣሉ። ለዕቃው ኮድ ስጡት። ለፍለጋ ደግሞ ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የቀየረ ተጨማሪ ዓምድ ያዙ። የሚታየው ስም እንደተጻፈ ይቆይ።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ የጽሑፍ ዓምዱን በተለመደው አቀማመጥ ቫርቻር ብላችሁ ከከፈታችሁ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል፤ ተመልሶም አይገኝም። ኤንቫርቻር በሉት። ማይኤስኪውኤል ከሆነ የፊደል ዓይነቱን ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አድርጉት። ከድሮ ኤክሴል ዳታ ስትገለብጡ ደግሞ በምን ፎንት እንደተጻፈ እዩ። ዩኒኮድ ባልሆነ የግዕዝ ፎንት ከተጻፈ መጀመሪያ ካልተቀየረ ትርጉም የሌለው ፊደል ነው የምታስገቡት።

በአጭሩ የሚታለፉ

የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርን እንደ ቁጥር አታስቀምጡ። አሥር አሃዝ ነው፣ ብዙው በዜሮ ይጀምራል፣ ዜሮው ይበላል። ስልክም ያው ነው።

ብር በፍሎት አይያዝም፤ ፍሎት ሳንቲሙን በግምት ነው የሚይዘው። ዴሲማል በሉት።

የማይሸጥ ዕቃ አይሰረዝም፤ "አይሠራም" ተብሎ ይደበቃል።

ሁሉም ሰው በአንድ "አድሚን" የሚገባበት ሱቅ ውስጥ የመዝጋቢ ዓምድ ትርጉም የለውም። ለእያንዳንዱ የራሱ ስም ይኑረው። ይሄ ሰውን ለመጠርጠር አይደለም። ንጹሑን ሰው ነፃ የሚያወጣው ይሄ ነው።

ከገላን መጋዘን ወደ ሱቁ የሚሄድ ዕቃ መኪና ላይ ሳለ የማን ነው? "በመንገድ ላይ" የሚል መጋዘን ክፈቱለት። የላከው ከራሱ ያወጣል፣ የተቀበለው ቆጥሮ ያስገባል።

ባክአፕ እዚያው ኮምፒውተር ላይ አይቀመጥም። በየቀኑ ይወሰድ፣ ከሱቁ ይውጣ። በወር አንዴ ደግሞ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ ክፈቱት። አንድ ደንበኛ ለሁለት ዓመት በፍላሽ ሲያስቀምጥ የኖረው ፋይል ባዶ ሆኖ ሲገኝ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

ቆጠራ

የቆጠራ ልዩነት ሲገኝ ቀሪውን ቀይሮ ማለፍ የተለመደ ነው። አይሆንም። ልዩነቱ ራሱ እንቅስቃሴ ነው፤ የፈቀደው ሰው ስምና ምክንያቱ ተጽፎ ይገባል። በቆጠራው ሰዓት ሽያጭ ካልቆመ ደግሞ የተጀመረበትን ሰዓት መዝግቡ፤ ከዚያ በኋላ የወጣው ተለይቶ ይታይ።

የቆጠራ ወረቀት ስታትሙ የዕቃውን ኮድ፣ ስምና መለኪያ ብቻ አውጡ። የሲስተሙን ቀሪ አታስቀምጡበት። ቁጥሩ ፊቱ ያለ ሰው ደክሞት እሱኑ ይገለብጣል። ለጋሼ ቀሪ ያልተጻፈበትን ወረቀት ነው የምንሰጠው፤ ቢን ካርዱንም እስኪቆጥሩ ድረስ ራሳቸው አያዩትም።