የላም እንቁልጢ በካፕሱል፦ ልጅ ፈላጊዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ፒያሳ ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ አንድ ዓይነት ጠርሙስ ይመላለስብኛል። ባለፈው ሳምንት ያመጣችው ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታ የመጣች ልጅ ናት። እህቷ ከአሜሪካ የላከችላት ነው። አንዱን ካፕሱል ከፍቼ ወረቀት ላይ አፈሰስኩት። ቡናማ ዱቄት፣ ሽታው የቋንጣ። የደረቀ የላም እንቁልጢ (የሴት እንቁላል የሚሠራበት እጢ) እና ማህፀን ነው። "እንዳረግዝ ነው" አለችኝ ቀስ ብላ።

የተበላ እንቁልጢ የራስን እንቁልጢ ይጠግናል ብሎ ማሰብ የቆየ ስህተት ነው። ብራውን ሴካር የሚባል ሐኪም በ1889 እ.ኤ.አ.፣ በ72 ዓመቱ፣ የውሻና የጊኒ ፒግ የዘር ፍሬ ጭማቂ ራሱን ወግቶ ጉልበቴ ተመለሰ ብሎ ነበር። የዘር ፍሬ ግን ሆርሞኑን አያከማችም፤ ጭማቂው ውስጥ የነበረው ለምንም አይበቃም። በአፍ ሲሆንማ ፕሮቲኑ እንደ ማንኛውም ሥጋ ሆድ ውስጥ ይፈጫል። ኢንሱሊን በመርፌ የሚሰጠው ለምን ይመስላችኋል? ይህ ዱቄት እርግዝና እንደሚያመጣ በአግባቡ የተሠራ ጥናት አላሳየም።

"እከሊት ወስዳ ወለደች እኮ!" ይህቺን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ከ100 ጥንዶች 80 ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ያረግዛሉ። ከቀሩት ግማሽ ያህሉ ደግሞ በሁለተኛው ዓመት፣ ያለ ምንም መድኃኒት። እከሊት አሪቲ ስታሸት ብትከርምም ትወልድ ነበር። ወስዳ ያልወለደችውስ? እሷማ ዝም ነው የምትለው፤ ማን ይቆጥራታል?

"የተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም" የሚለውን እኔም ብዬዋለሁ። ለጎረቤቴ፣ ጠርሙሱን በቅጡ ሳላነብ። ኋላ ሳየው ጉበት አለበት። ጉበት ደግሞ ቫይታሚን ኤ የበዛበት ነው፤ ከልክ ሲያልፍ ፅንስ ይጎዳል። ዛሬም ሳስታውሰው አፍራለሁ። የታይሮይድ እጢ ያለበት ከሆነ ይባስ ተጠንቀቁ፤ የሱ ሆርሞን በአፍም ይሠራል፣ ልብ ያስመታል።

ፎሊክ አሲድን አትርሱ። ከማርገዝ በፊት ጀምሮ፣ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም። ርካሽ ስለሆነ ይናቃል።

"ባልሽስ ተመርምሯል?" አልኳት።

"ኧረ ዶክተር፣ እሱማ ጤነኛ ነው።"

እዚህ ጋ ነው ትዕግስቴ የሚያልቀው። ልጅ እምቢ ካላቸው ጥንዶች ግማሽ በሚሆኑት ላይ የወንዱም ችግር አለበት። ዓመት ሞክሮ ካልሆነ፣ ሴቷ ከ35 ካለፈች ደግሞ ከ6 ወር በኋላ፣ ሁለቱም ሐኪም ጋ ይሂዱ። እነሱ ሦስት ዓመታቸው ነው!

"ሰኞ ይዘሽው ነይ" አልኳት።

ሰኞ ከሰዓት መጣ። ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ በር ላይ ቆሞ ጠበቀና፣ "የት ነው የሚመረመሩት?" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።